ሁሉም «ደህና ነው» ያለበት መጠይቅ

አስቻለች ቤተ እስራኤሎች የሚኖሩበትን የኔቬ ዮሴፍን ሰፈር ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ የመንግሥትን ወረቀት ለሰው፣ የሰውን ችግር ለመንግሥት ማድረስ ነው። ከሥራዋ ሁሉ የምትሳሳለት ግን ወትውታ ላስከፈተችው የወላጆች የዕብራይስጥ ንባብ ክፍል ነው።

በፈረንጆቹ 2006 መግቢያ ላይ ለክፍሉ ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ አስገመገመ። መጠይቁን ይዛ የመጣችው ሜራቭ የምትባል ቅን ልጅ ናት። አስቻለች እያስተረጎመችላት ቤት ለቤት ዞሩ። መልሱስ? ወይ ጉድ! ቅር ያለው ሰው አልተገኘም። አስተማሪዋ? «ተመስገን።» ሰዓቱ? «እግዜር ይስጣቸው፣ መልካም ነው።» ባፈና እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት ክርያት ያም ከተማ ፋብሪካ ስታጸዳ የምትውለው፣ የጠዋቱን ክፍል ረግጣው የማታውቀው ሴትዮ፣ «ሰዓቱ ግሩም ነው» ብላ እርፍ! እንግዳ ቤት ድረስ መጥቶ ሲጠይቅ ማን ይማረራል? ነውር ነዋ።

ሜራቭ መልሱን ደምራ፣ «ሁሉም ረክቷል፤ የሚመጣው ግን አምስት ሰው ነው። የቀሩት አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። ይዘጋ ብዬ ልጽፍ ነው» አለች።

አስቻለች ደሟ ፈላ። «አያስፈልጋቸውም? ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ እኮ የማነብላቸው እኔ ነኝ!»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ግን የምጽፈው የነገሩኝን ነው» አለች ሜራቭ። «ሌላ ከነገሩኝ ሌላ እጽፋለሁ።»

አስቻለች አንድ ሌሊት አሰበችበትና ጥያቄውን ገለበጠችው። የኛ ሰው ስለ ራሱ መናገር ያፍራል፤ ለጎረቤቱ ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። በማግስቱ «ይመችዎታል?» ማለቱ ቀረና «ጎረቤትዎ እንዲማሩ ምን ይደረግ?» ሆነ። የባፈና ጎረቤት ሽማግሌው አባ ማረው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ያቺ ባፈና ጠዋት ሥራ ላይ ናት፤ በየት በኩል ትምጣ? ወደ ማታ ያዙሩት እንጂ!» ባፈና በተራዋ፣ «አባ ማረው ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊደሉ ጎላ ይበልላቸው። እሳቸው እንደሁ ቢሞቱ አይነግሯችሁም» አለች። ሜራቭ ወረቀቷ እስኪሞላ ጻፈች።

ከፋሲካ በኋላ ውሳኔው መጣ። አስቻለች ሰዉን ሰብስባ አነበበችላቸው። ክፍሉ አይዘጋም፤ ለመጪው ዓመት በዕቅድ ተይዟል፤ ትምህርቱ ማታ ይሆናል፤ በጉልህ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍም ይመጣል።

እልል ሲባል አባ ማረው ግን ግራ ገባቸው። «ጉልህ ፊደል ማን ጠየቀ? እኔ ስለ ራሴ አንዲት ቃል አልተነፈስሁ።»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለች ባፈና አንገቷን ደፍታ። «ማታውንስ ማን ጠየቀልኝ?»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት።