የጋሼ ውድነህ የባቡር ወንበር

የጋሼ ውድነህ አንድ ቀን የሁለት ዶላር ከስልሳ ቲኬት፣ የሁለት ዶላር ቡናና አንድ አድማጭ ይፈጃል። ገንዘቡን ራሳቸው ይችሉታል። አድማጩ ግን እኛ የፒዮሪያ ስትሪት ጎረቤቶቻቸው ነን፤ በተራ።

ቲኬቱ ባለፈው የካቲት ለተከፈተው አዲሱ ባቡር ነው። ይሳፈራሉ፣ ወለሉን ያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይወርዳሉ። ወደዚህ ወደ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ከመምጣታቸው በፊት በሌላ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ባቡር አጽድተዋል። ባቡሮቹ “ሰባት መቶዎቹ” ይባሉ ነበር። ዘመናዊ ናቸው ተብሎ መስኮታቸው እንዳይከፈት ተደርጎ ተሠራ፤ ማቀዝቀዣው በሁለተኛው በጋ ተበላሸ፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ቀጥ ይላሉ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ስለ ጎበዝ ልጃቸው የሚናገሩ ይመስላል።

እሳቸውና ባቡሮቹ ጡረታ የወጡት በአንድ ወር ነው። አለቆቹ የስንብት የእጅ ሰዓት ሊሰጧቸው ሲሉ “ሰዓት አለኝ፤ ወንበር ስጡኝ” አሉ። ከባቡሩ የሁለት ሰው ወንበር ነቅለው ሰጧቸው፤ አውሮራ ድረስ ይዘውት መጡ። የአፓርታማቸውን በር ግን የለካ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወንበሩ ኮሪደር ላይ ቀረ። የልጄን የእምነትን ጫማ የማስረው እዚያ አስቀምጫት ነው።

ሰኞ ዕለት የሕንፃችን ማናጀር ወረቀት ለጠፈች፦ ኮሪደሩ የእሳት መውጫ ነው፤ ወንበሩ እስከ ዓርብ ካልተነሳ ይጣላል። ጋሼ ምሳ እምቢ አሉ።

እኛም እንደ ወጋችን ሽማግሌ ላክን። ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች፣ ጋሽ ባስልዮስና ጋሽ ስለሺ፣ ከረባት አስረው ቢሮዋ ገቡ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

“ቁጭ በሉ” አለች።

“እሺ ካልተባልን አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ባስልዮስ።

እንዳለ ተረጎምኩት። ሌላ ወንበር አስመጣች። እምቢ። የራሷን ለቀቀች። እምቢ።

“ኧረ ቶሎ በይ፣ ጉልበቴ!” ብለው ጋሽ ስለሺ ሹክ አሉኝ።

“እዚህ ካሉት በአንዱም የማትቀመጡ ከሆነ” አለች በመጨረሻ፣ “ያ ወንበር ምን ሊያደርግላችሁ ነው?”

እጅ ነስተን ወጣን። ጋሼ ውድነህ ወንበሩ ላይ ሆነው ሲጠብቁ ደረስን።

“እሺ አለች?”

“ቆመን ቀረን።”

“ድሮስ! ታክሲ ነጂ ስለ ባቡር ምን ያውቃል?”

እንግዲህ ሎውሪ አካባቢ ወንበሩ የሚያርፍበት የመኪና ጋራዥ ቤታችሁ ያላችሁ፣ እስከ ሐሙስ ፒካፕ ይዛችሁ ድረሱልን። በራችሁን ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የጋሼ አደራም ይህ ነው፦ “በበረኪና እንዳትወለውሉብኝ። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።”