ታቦቱ ስንት ያወጣል ያሉት ጠበቃ

ከዚህ በፊት ጽፌ የማውቀው የምግብ ትእዛዝ ብቻ ነው። እሱንም አክስቴ ኩሽና ሆና መልሳ ታስነብበኛለች፤ ጽሕፈቴ አይገባትም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ በዚያ ላይ ዓይን አፋር ነኝ። ግን ይህን ታሪክ ሬስቶራንታችን ውስጥ ሰው ባወራው ቁጥር አዲስ ነገር እየተጨመረበት መጣ። እኔ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ልሞክረው።

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ጠበቃ ስለነበሩ አንድ የዌልስ ሰው ነው። ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት፤ እኔም ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ቢሯቸው እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር ስለሆነ ለምሳ በእግራቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ይመጡና እኛ ጋ ሽሮ ይበላሉ። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይሰበስባሉ፤ ሽሮው ግን ክራቫታቸው ላይ መንጠባጠቡ አይቀርም።

ሰው በሌለበት ሰዓት ወሬ ይወዱ ነበር። እኔ ስለማልናገር ለሁለታችንም ይመቸናል።

"መንደራችን ሁለት ጸሎት ቤት ነበረው፣ ፊት ለፊት" አሉኝ አንድ ቀን። "የአንደኛው ሰው ከሌላኛው ዳቦ አይገዛም። ወጣቱ ጸሎት መሄድ ሲተው የቀሩት ሽማግሌዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ጠበቃ ሆኜ የመጀመሪያ ጉዳዬ የአባቴ ጸሎት ቤት ነበር። አሸነፍኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ። አሁን ምንጣፍ ይሸጥበታል።"

ሚስታቸውን ተከትለው ሎስ አንጀለስ ሲመጡ እዚህም ስራ አላጡም። ቤተ ክርስቲያን በተጣላ ቁጥር ይጠራሉ። አግዳሚ ወንበር አካፍለዋል፣ ኦርጋን አካፍለዋል፣ የመቃብር ቦታ አካፍለዋል። አንድ ጊዜ ለአንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሁለት ወገን "የእኛ ነው" ብሎ ምሎላቸዋል። ሲያረጁ ክርክሩን ተዉና ፍርድ ቤት የሚልክላቸውን ማስታረቅ ጀመሩ።

ተራው የእኛ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሃውቶርን አካባቢ ነው። ጠቡ የመጣው በቦርድ እንተዳደር ወይስ በአገር ቤት ሀገረ ስብከት ስር እንግባ በሚል ነው። እየቆየ አንዱ ወገን በፊት በር፣ ሌላው በፓርኪንጉ በኩል መግባት ጀመረ። ተካሰሱ። ዳኛዋ እኚህን ሰው አስታራቂ አድርጋ፣ ካልተስማሙ ግን ሕንፃው ተሸጦ ለሁለት ይከፈላል አለች።

እኔ መዘምራን ውስጥ ነኝ። ድምፄን የሰማ ሰው ካለ እዚያ ነው የሰማው፤ ከሌሎች ጋር ስዘምር አላፍርም። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ መዘምራኑም ለሁለት ነው። ጓደኞቼ ግማሾቹ በፓርኪንጉ በኩል ነበር የሚገቡት።

አስተርጓሚ ሲፈለግ አንዱ ያመጣውን ሌላው ጣለው። ቦርዱን የወከሉት ጋሼ፣ ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩት፣ አክስቴን "ያቺ ልጅሽ ትሁን፤ አፍ የላትም" አሏት። በማግስቱ ሌላኛውን ወገን የወከሉት እትዬ፣ ፓሳዴና ሆስፒታል ሰርተው ጡረታ የወጡት፣ መጥተው ያንኑ ደገሙ። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የእኔ ዝምታ ነው።

ሁለቱም እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሲናደዱ ግን ይጠፋባቸዋል። ደግሞ ባዳ አይደሉም። የእትዬን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሱት ጋሼ ናቸው። አበልጆች ናቸው፤ አበልጅ ደግሞ ከዘመድ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ጠበቃው ቢሮ ስንገባ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዷ በበሩ በኩል ተቀመጡ። ጠበቃው ሁለቱም ወገኖች ያስገቡትን የንብረት ዝርዝር ይዘው አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ። ገና ፍሪጁ ላይ ስንደርስ ተጋጩ።

"ፍሪጁን የገዛው ቦርዱ ነው፤ ንገሪያት" አሉ ጋሼ፣ በአማርኛ።

"ቦርዱ ባዶውን ነው የገዛው፤ የሞላነው እኛ ነን፤ ንገሪው" አሉ እትዬ፣ እሳቸውም በአማርኛ።

እኔ መሀል ቁጭ ብዬ ከአማርኛ ወደ አማርኛ እተረጉም ጀመር። ጠበቃው በትዕግስት ጠበቁና ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ።

"ታቦት" ብለው በጭንቅ አነበቡ። "ዋጋው አልተሞላም። ከምንድን ነው የተሰራው? ሐሙስ ዋጋ ገማች ይዤ ልምጣና ይየው። ፎቶም እናነሳለን።"

እኔ መተርጎሙን ትቼ ውሃ ቀዳሁ።

"ምን አሉ?" አሉ ጋሼ።

"ምንም።"

"ኦኬ፣ ይሄን ሁሉ ተናግረው ምንም?"

"ንገሪን እንጂ ልጄ" አሉ እትዬ።

"ታቦቱ ስንት ያወጣል ነው የሚሉት" አልኩ ወደ ምንጣፉ እያየሁ። "ገማች ይዘው መጥተው ሊያዩ ነው። ፎቶም ሊያነሱ።"

እትዬ በስመ አብ ብለው አማተቡ። ጋሼ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ።

"ካህን ብቻ የሚያየውን?"

"እኔና እርስዎ እንኳ አይተነው አናውቅ" አሉ እትዬ። ንገሪው አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ጋሼ አዙረው ነው የተናገሩት። "ማነው እዚያ ላይ የጻፈው?"

"የእናንተ ጸሐፊ ነዋ።"

"የእናንተ ነው እንጂ።"

"ማንም ይጻፈው፣ ይሰረዝ።"

"አሁኑኑ ይሰረዝ።"

ተረጎምኩ። የጠበቃው ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ይቅርታ ጠየቁና ሰረዙት። ከዚያ እስኪርቢቷቸውን እንደያዙ "ግን ቤቱ ሲሸጥ ታቦቱ የት ይቀመጣል?" አሉ።

ይህንንም ተረጎምኩ።

"እኛ ጋ" ብለው ሁለቱም እኩል ጀመሩና እኩል አቆሙ።

"ኦኬ፣ አዳራሽ እንከራያለና" አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ተቀምጠው።

"አዳራሽ? እንደ ድሮው የሰው ልደት ፊኛ እያወረድን ልናስቀድስ?"

"አንዱ ጣራው ላይ ቀርቶ ቅዳሴ መሀል ሲፈነዳ፣ ዲያቆኑ መጽሐፉን ጥሎ..."

"መጽሐፉን መጣሉማ ደግ ነበር፤ ተኩስ መስሎት ጠረጴዛ ስር ገባ እንጂ።" እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ወደ አሁኑ ቤት የገባን ቀንስ? ታቦቱ በእርስዎ ታክሲ አይደል የመጣው?"

"በእኔ ታክሲ። ቄሱ ከኋላ፣ ታቦቱን እንደያዙ ጎንበስ ብለው።"

"እንደ ኤሊ ነበር የሚነዱት። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ሲነፋ።"

"እርስዎ አንገትዎን በመስኮት አውጥተው ሲሰድቡት።"

"ኧረ እልልታ ነው።"

"እልልታውም ስድብ ይመስል ነበር፣ አበልጄ።"

እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው ወደ ዓይናቸው አነሱት።

"ምን እያሉ ነው?" አሉኝ ጠበቃው በሹክሹክታ።

"ስለ ታክሲ ነው።"

"ዝርዝሩ ውስጥ ታክሲ አለ?"

"የለም። እየተጫወቱ ነው።"

"እንግዲያው አትተርጉሚልኝ" ብለው ውሃ ላመጣ በሚል ሰበብ ወጡ፤ ውሃው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሲመለሱ እትዬ ወደ መስኮቱ በኩል ተዛውረዋል። ጋሼ ጠበቃውን በእንግሊዝኛ፣ ያለ እኔ፣ "ቤቱ አይሸጥም" አሏቸው። የሀገረ ስብከቱ ነገር ከፋሲካ በኋላ ምእመኑ ድምፅ ሊሰጥበት፣ እስከዚያ ሁሉም በአንድ በር ሊገባ ተስማሙ። ፍሪጁ ላይ ግን አልተስማሙም፤ እስካሁንም እየተከራከሩበት ነው።

ሬስቶራንት ውስጥ ሰው የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። "ብልጥ ጠበቃ፤ አውቀው ነው የጠየቁት" ይላሉ። አይደለም። ጆሯቸው ሲቀላ አይቻለሁ፤ ሰው አውቆ ጆሮውን አያቀላም። ማወቅ ያለባቸውን አላወቁም ነበር። ጥሩነታቸው፣ ከተሳሳቱ በኋላ ዝም ማለት መቻላቸው ነው።

ስንወጣ እትዬ ጠበቃውን "እሁድ ይምጡ፤ ታቦቱን ግን አያዩም" አሏቸው፤ እኔም ተረጎምኩላቸው። ጋሼ መኪናቸውን ሩቅ ፓርክ ስላደረጉ እሳቸውና እትዬ ቀድመውን ሄዱ፤ መንገዱን ሙሉ ድምፃቸው ይሰማል። ጠበቃው በሩ ላይ ከእኔ ጋር ቆመው ሲያዩዋቸው ቆዩ። የአባታቸው ጸሎት ቤት ትዝ ብሏቸው ይሆን ብዬ ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ። እሳቸውም የሚያፍሩበት ነገር እንዳላቸው ያወቅኩት ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው።

"እናንተ ጋ ጫማ ይወለቃል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ካልሲዬ ቀዳዳ ቢሆንስ፣ ያስገቡኛል?"