ከምት የወጣ ድምፅ

ነገሩ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ለቅርብ ሰዎቼ እንኳ ሙሉውን ነግሬ አላውቅም። ሙሉውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው መንገሬም ደግ ይሁን ክፉ እስካሁን አልለየልኝም። ከአእምሮዬ የማይወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። የግቢው ባለቤት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ባላቸው ከጣና ደሴት ገዳማት በአንዱ ዜማ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እማሆይ መነኮሱ። ልጅ አልወለዱም። ግቢው ሦስት ክፍል አለው። የእኔና የእሳቸው ክፍል በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ሦስተኛው ክፍል የአንድ መምህር ሲሆን እሱ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቦቹ ጋ ይሄዳል።

እማሆይ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ በግድግዳው በኩል "ገባሽ?" ይሉኛል። "ገባሁ እማሆይ" እላለሁ። ከዚያ ዳዊታቸውን ይቀጥላሉ። ለብቻዋ ለምትኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያን ሰሞን በጸጥታው ችግር ከተማው በጊዜ ነበር የሚዘጋው። ከሥራ ወጥቼ ጣና ዳር ትንሽ ነፋስ እቀበልና ሳይመሽ እገባለሁ። የቀረውን ሰዓት የማደርገው አልነበረኝም። ሙዚቃ ከልጅነቴ እወዳለሁ። ሠርግ ላይ ዲጄዎች አንዱን ዘፈን ሳያቋርጡ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ልማረው አልኩ። እንጀራ ላደርገው አይደለም፤ ለራሴ ደስታ ብቻ።

ሀብታሙ የሚባል፣ ለሠርግ የድምፅ ዕቃ የሚያከራይ ሰው ጋ ሄድኩ። ዓይኔ ያረፈው መብራቱ በበዛ ትልቅ ማሽን ላይ ነበር።

"እሱ ላንቺ አይደለም" አለኝ። "መንዳት በሲኖትራክ አይጀመርም።"

ያገለገለች፣ ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ፣ ሁለት የሚሽከረከሩ ክብ ሳህኖች ያሏት ትንሽ ማሽን መረጠልኝ። "ማሽኑ ላይ ብትቆጥቢ ግድ የለም፤ ሄድፎን ላይ ግን አትሰስቺ" አለኝ።

"ስፒከርስ?"

"ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?"

"መነኩሲት ናቸው የሚያከራዩኝ።"

ሳቀ። "እንግዲያው ስፒከሩን እርሺው። ጆሮሽን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሄድፎን ያዢ። አንቺም ከዓለም ትገላገያለሽ፣ መነኩሲቷም ካንቺ ይገላገላሉ።"

ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋውን ገዛሁ።

ማሽኑን ይዤ ስገባ እማሆይ ግቢው ውስጥ ጎመን ሲቀነጥሱ ነበሩ። ሁለቱን ክብ ነገሮች አይተው "ምድጃ ገዛሽ?" አሉኝ።

"አይ፣ የዘፈን ማሽን ነው እማሆይ።"

"ዘፈን ደግሞ ማሽን ይሻል? አፍ አይበቃውም?" አሉና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው "ብቻ ዳዊት ስደግም አይድረሰኝ" አሉኝ።

"ለእርስዎ ምንም አይሰማዎትም። በጆሮዬ ብቻ ነው የማደምጠው።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ ነው። ሰው አንድ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።"

ቃሌን ጠበቅሁ። አንድም ቀን ድምፅ ወደ እሳቸው አልዘለቀም። ግን ሄድፎኑን ካጠለቅሁ "ገባሽ?" ሲሉኝ አልሰማም። ሁለት ሦስት ቀን ሳልመልስላቸው ቀረሁ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተዉት። መተዋቸውን እንኳ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። የሁለት ዘፈን ምት እኩል ካልሄደ ድምፁ ደረጃ ላይ የሚንደረደር እግር ይመስላል። የፈረንጁን ዘፈን ኮምፒውተሩ ራሱ ቆጥሮ ያስተካክልልኛል። የእኛን ችክችካ ግን ይስታል። የድሮው ዘፈን ላይ ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው፤ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ቀዝቀዝ ይላል። በጆሮ ካልሆነ አይገጥምም። ቀስ በቀስ ጆሮዬ ተሳለ። አንዲት ምት ለጥቂት ስታፈነግጥ መለየት ጀመርኩ። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ዕለቱ እሁድ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ የልጇን ልደት ስታከብር ግማሽ ሰዓት እንዳጫውት ለምናኝ ነበር። በሰው ፊት የመጀመሪያዬ ነው። እማሆይ ከማኅበር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲገቡ በመስኮት አየኋቸው፤ እጅ ነሳሁ፣ መረቁኝ። በሬን ዘጋሁ። ጠረጴዛዬ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የቆመው። ሄድፎኑን አጥልቄ ጀመርኩ።

የመረጥኳቸው ሁለት የድሮ ዘፈኖች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ሄዱልኝ። ከዚያ ከሥር አንድ ድምፅ መጣ። ድም። ትንሽ ቆይቶ ድም፣ ድም። የሁለቱም ዘፈን አልነበረም፤ ከምቱ የወጣ ነበር። ያኛው ዘፈን ሸርተት እያለብኝ ነው አልኩ። አቆምኩና እንደገና ጀመርኩ። ደግሞ መጣ። ፍጥነቱን ቀነስኩ። ወፍራሙን ድምፅ ቀነስኩ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ እንደ ንዝረት ይሰማኝ ነበር፤ ማሽኑ ነው ብዬ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት።

አንድ ጊዜ ሄድፎኑን አውልቄ አዳመጥኩ። ፀጥ ያለ ነበር። ዶሮ እንኳ አልጮኸም። መልሼ አጠለቅኩት።

ድምፁ አሁንም አሁንም እየመጣ ብዙ ቆየ። በኋላ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሁለቱ ዘፈኖች ልክ እንደ አንድ ሆነው ሄዱ። "አሁን ገጠመ" አልኩ። ደስ አለኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላም ሌሎች ዘፈኖች እየቀያየርኩ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ቀጠልኩ።

ልብስ ላስገባ ስወጣ ግቢው ውሃ በውሃ ሆኗል። ቧንቧው ተከፍቶ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር እማሆይ አንዲት ጣሳ አያፈሱም።

"እማሆይ?" አልኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። በአልጋቸውና በግድግዳው መካከል ወድቀው ነበር፤ አንድ እግራቸው ያለ ወጉ ዞሯል። መቋሚያቸው እጃቸው ላይ ነበረ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"መጣሽ?" አሉኝ።

"ምን ሆኑ እማሆይ? መቼ ነው የወደቁት?"

"ውሃውን ከፍቼ ሌላ ጀሪካን ላመጣ ስገባ ወደቅሁ። ገና እንደገባሁ።" ከንፈራቸው ደርቆ ቃሉ ይጣበቅባቸዋል። "ግድግዳውን መታሁት። ኋላ የሥራ ድካም አለባት፣ እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፣ ልቀሰቅሳት አይገባኝም ብዬ ተውሁት።"

ውሃ አጠጣኋቸው። ጎረቤት ጠራሁ፤ ባጃጅ ያለው ልጅ መጣና በብርድ ልብስ ተሸክመን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ሲመረምራቸው "ስንት ሰዓት መሬት ላይ ቆዩ?" ብሎ ጠየቀኝ። "አላውቅም" አልኩት።

በማግሥቱ የእህታቸው ልጅ ይታይሽ ከመራዊ መጣች። ባሏ ቆጋ ላይ በመስኖ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል። አልጋው አጠገብ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። "አንቺ ባትደርሺላቸው ሞተው ነበር" አለች። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ "ያተረፈቻቸው እሷ ናት" እያለች ታሳየኝ ነበር። ሰዎቹ ይመርቁኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።

ልደቱ ላይ አልተገኘሁም።

ከሳምንት በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የምለማመደውን ሁሉ ይቀዳል፤ የሚቀዳው ግን ከማሽኑ የሚወጣውን እንጂ የክፍሉን ድምፅ አይደለም። የእሁዱን ከመጀመሪያው ጀምሬ አደመጥኩት። ድም የሚል ነገር አንድም ቦታ የለም። ዘፈኖቹ ንጹሕ ናቸው፤ ከመጀመሪያውም ገጥመው ነበር። የሚሰማው እኔ ሳቆምና እንደገና ስጀምር፣ ስቀንስና ስጨምር ብቻ ነው። ከየት እስከ የት እንደታወክሁ በደቂቃ ቆጠርኩት። አርባ ደቂቃ አለፈ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ግድግዳ ሲመቱ ኖረዋል። ካቆሙ በኋላ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ብለው ተኝተዋል።

ለሀብታሙ ጉዳዩን በከፊል ነገርኩት። "በዚያ ሄድፎን ሰው አይሰማም። ምን ታደርጊ ነበር?" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ግን አልሰማሁም ብል እውነት አይሆንም። ሰምቻለሁ። ከምቱ የወጣ መሆኑን እንኳ ለይቻለሁ። ሰው ነው ብዬ ግን አላሰብኩም።

እማሆይ ከሆስፒታል ሲወጡ ይታይሽ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሁለት ወር ያህል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ መንገዱ የተከፈተ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ መራዊ ሄድኩ።

አልጋቸው በሩ አጠገብ ነው። በጣም ከስተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። አዳማ ያለችውን እናቴን ጠየቁኝ፤ ስለ ቧንቧው ውሃ ጠየቁኝ። ይታይሽ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ነገርኳቸው።

"እማሆይ፣ ያን ቀን ተኝቼ አልነበረም።"

"እ?"

"አልተኛሁም። ግድግዳውን ሲመቱ ሰምቻለሁ። የዘፈኑ ስህተት መስሎኝ ነው። ሳስተካክለው ነበር።"

"ሰምተሽ ኖሯል" አሉ። አልጠየቁኝም፤ ለራሳቸው ነው ያሉት።

መቁጠሪያቸውን አንድ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረጉና አቆሙ።

"እኔ ተኝታለች ብዬ ነው የቻልሁት" አሉኝ። "ልጅቱ ደክሟት ነው፣ ስትነቃ ትመጣለች እያልሁ። ያን ሁሉ ሰዓት እሱን ይዤ ነው የተኛሁት።"

"ይቅር ይበሉኝ እማሆይ።"

"እግዜር ይቅር ይበልሽ።" ቁጣ አልነበረባቸውም። ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። "ባትነግሪኝ ግን ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ።"

ከዚያ ትራሱን ከፍ እንዳደርግላቸው አዘዙኝ፤ አደረግሁ። ይታይሽ የተቀቀለ ድንች ይዛ ስትመጣ ምንም አልነገሯትም። "መንገድ ሳይመሽባት ሸኚያት" ብቻ አሏት። ስሰናበታቸው እንደ ወትሮው መረቁኝ። ምርቃቱ ግን አጭር ነበር።

ማሽኑን እንደ ሸጥኩት የሚያስብ ይኖራል። አልሸጥኩትም። ብዙ ወር ሳልነካው ቆየሁና አንድ ቀን መልሼ ከፈትኩት። ዛሬ ከያኔው የተሻልኩ ነኝ፤ ሀብታሙም ይመሰክራል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ እሁድ አይደለም፤ ስለ መራዊው ቀን ነው። ነገሩን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ ሄጄ ለእሳቸው አሸከምኳቸው። በዚያ መሬት ላይ ሳሉ የያዙት አንድ ማጽናኛ ነበራቸው፤ እሱንም ወሰድኩባቸው። ዝም ብል ደግሞ በሐሰት እየተመረቅሁ እኖር ነበር። የትኛው ይሻል እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ዳግመኛ አልሄድኩም። ይታይሽ ስትደውል መንገዱ አይታመንም እላታለሁ። አንዳንድ ቀን እውነት ነው። ብዙውን ቀን ግን ሚኒባሶቹ መናኸሪያው በር ላይ ሰው ሲጭኑ፣ "መራዊ፣ መራዊ" እየተባለ ሲጠራ፣ በአጠገባቸው አልፌ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።