«አርጀንት» ሳልል የቀረሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ መጣች። የቤት ሥራው ፍቺውን ጽፎ በዓረፍተ ነገር መጠቀም ነው። ቃሉ «አርጀንት» ነበር። ፍቺውን ወዲያው ነገርኳት፤ አስቸኳይ፣ ጊዜ የማይሰጥ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልመጣልኝም። ወደምከትፈው ሽንኩርት ተመለስኩ። ልጄ ጥቂት ጠበቀችኝና የራሷን ጽፋ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

ያን ቃል የተማርኩት ሳዑዲ፣ ሳብያ ነው፤ ከጂዛን ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥሬ። የየመን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ሰማይ ላይ የሚፈነዳው ነገር የወጥ ቤቱን መስኮት ያንቀጠቅጠዋል። ከድንበር መንደሮች የሸሹ የባለቤቶቹ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ቢሆንም መዳሜ፣ የቤቱ እመቤት፣ ደግ ሴት ነበረች። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ በእጄ ሰጥታኛለች፤ ከምትበላው አብልታኛለች። አላህ ይስጣት።

ልጇ ሪማ ሳሎኑ በእንግዳ ስለተያዘባት ወጥ ቤት እየመጣች ታጠና ነበር። እኔ ትኩስ ቂጣ ከሙዝና ከቅቤ ጋር ሳሽ እሷ ቃል ትነግረኛለች፣ እደግምላታለሁ። «አርጀንት»ን የነገረችኝ ቀን ብዙ ሳቅን። ሲርባት «ሩዙ አርጀንት!» ትለኛለች። ሥራ ስታበዛብኝ «ሶላቴ አርጀንት» ብዬ አመልጣታለሁ። አፌ ቃሉን የለመደው እንዲህ በቀልድ ነው።

ከጎረቤት ቤት ዘይነብ የምትባል የወሎ ልጅ ትሠራ ነበር። በየመን በኩል በእግሯ የገባች ናት፤ ወረቀት የላትም። ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ በአጥሩ ላይ እናወራለን።

«አንች ባለ ኢቃማ!» ትለኛለች። «ሰላምታም በወረቀት ሆነ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ጆሮ አላቸው።»

«ይስሙና! አማርኛ ሲገባቸው አየዋለሁ።»

አቧራ በሚነፍስበት ወር፣ ከቀትር በኋላ፣ የኋላው በር ተንኳኳ። ዘይነብ ነበረች። የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ ለመክፈት የሚፈስ የሚያቃጥል መድኃኒት ተፈናጥቆ ቀኝ ዓይኗ ገብቷል። በምትሠራበት ቤት ሰው አልነበረም። ጥቂት ውኃ አፍስሳበት፣ ኒቃቧን አጥልቃ፣ ከውስጥ በጨርቅ ደግፋው መጣች። መዳሜ «ወደ ክሊኒክ ውሰጃት፤ ወረቀት ከጠየቁ ያላ፣ ይዘሻት ተመለሽ» አለችኝ።

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። የውኃ ቦቴዎችና ፒካፖች አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ። ዘይነብ ክንዴን ይዛ ትራመዳለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ ግን አታሰማም። የሴቶቹ ክፍል ሕፃን በታቀፉ እናቶች ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ የተቀመጠችው ሕንዳዊት ነርስ አረብኛዋ እንደኔው ስብርብር ነው። ቀና አለችና «እንዴት ናት?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አልኩ።

በእኛ ዘንድ እንዴት ናችሁ ሲባል መጀመሪያ ምስጋና ነው። ሰው የሞተበት እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነን» ይልና ቆይቶ ነው የሚያለቅሰው። ነርሷ ይህን ከየት ታውቃለች? የተሸፈነውን ፊት አየች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «አርጀንት?» አለች።

ቃሉን አወቅሁት። እንዲያውም ስላወቅሁት ለአፍታ ደስ አለኝ። ግን ሴቶቹ ያዩኛል፤ ልጆቻቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ ባዕዳ ሆኜ ወረቀት የሌላት ይዤ ልቅደም ማለት አሳፈረኝ። አስቸኳይ ነው ካልኩ ስም ይጽፋሉ፣ ኢቃማ ይጠይቃሉ ብዬም ፈራሁ።

«ኖ» አልኩ። «ኖ። አልሐምዱሊላህ።»

ነርሷ የእኛን የተራ ካርድ ከሁሉም በታች አስቀመጠችው።

ዘይነብ በጆሮዬ «ምን አለችሽ?» አለች።

«ተራችሁን ጠብቁ አለች።»

ተቀመጥን። ነርሷ ትንሽ ቆይታ ሌላ ክፍል ገባች። የከሰዓት በኋላው፣ የዐስር ሶላት ደረሰና ሥራው ቆመ። እኔም ሰገድኩ። ስመለስ ዘይነብ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነበር። ተራችን ሲደርስ ሱዳናዊው ሐኪም ጨርቁን ገልጦ አየና ጮኸ። ምን እንደሆነ ሳይነግረን ውኃ አስመጣ፤ እየደጋገመ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አጠበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጄ፣ ለምን አልተናገራችሁም?» አለ።

የተላከችበት ትልቁ ሆስፒታልም ዓይኗን አላዳነውም። ዘይነብ በአንድ ዓይን ቀረች። ከወራት በኋላ ተይዛ ወደ አገር ተመለሰች። እኔም ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ለዚህም አልሐምዱሊላህ።

የልጄ የቤት ሥራ ግን ቀኑን ሙሉ አላስቀመጠኝም። በማግሥቱ ዘይነብ ወደምትኖርበት ወደ ከሚሴ ሄድኩ። ደጇ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኘኋት። ሰላምታው አለቀና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዘይነብ፣ ነርሷ ተራ ጠብቁ አላለችም። አስቸኳይ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም ያልኳት እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።»

ሰፌዱ ቆመ። በደህናው ዓይኗ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እኔኮ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ያችን ነርስ ስረግማት ነው የኖርኩት።»

ዶሮዎቹ የወደቀውን ማሽላ ይለቅማሉ። በመጨረሻ «እኔ አፉ ብየሻለሁ» አለች። «የነርሷንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ስሟን አላውቅም። አገሯም ሩቅ ነው። ከሶላት በኋላ እጄን ስዘረጋ አነሳታለሁ፤ ያለ ጥፋቷ የተረገመችውን ያንሳላት ዘንድ እለምናለሁ። ሁሉን ለሚያውቀው ጌታ ጭንቄን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራሁ እነግረዋለሁ። ምንም ለማታውቀው፣ እኔው እስክነግራት ለጠበቀችው ነርስ ግን ያን ቀን «ደህና ናት» አልኳት።