ጉሙ ውስጥ «ውረድ!» ያሉኝ ሽማግሌ

ብቻህን አትሂድ ስባል መች ሰማሁ! ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ጮቄ ተራራ ላይ ወዳለች ትንሽ የመዝናኛ ከተማ በሞተር ሳይክል ስወጣ ጉም መንገዱን ዋጠው።

«ውረድ!»

ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጠመንጃ ይዘው መንገዱ መሃል ቆመዋል። ወረድኩ።

«አባቴ፣ ስልኩንም ሞተሩንም ይውሰዱት፤ ብቻ አይግደሉኝ!»

«ዝም በል! አጥፋውና ግፋ።»

ሞተሩን አጥፍቼ ገፋሁ። ከኋላዬ ኮቴያቸው ብቻ ይሰማል። ሊገድሉኝ ሰዋራ ቦታ እየፈለጉ ነው ብዬ ጸሎት ጀመርኩ።

«ቁም!»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አለፍን። ጉም ቢሸፍነው ሚካኤል የለም እንዴ? በደጁ በበቅሎም ተቀምጦ የሚያልፍ የለም፤ አንተ ጭራሽ እያስጓራህ! በል አሁን ተቀመጥና እኔንም አፈናጥጠኝ።»