ፀሐይ አጠገብ የሚፈልጓት

ስማቸውን አላውቅም፤ በአገራችን ወግ ለአዛውንት ክብር «ዶን» ብቻ እላቸዋለሁ። ከአሬሲቦ ከተማ፣ ፕላኔቶች ይጠኑበት ወደነበረውና አሁን ወደ ፈረሰው ትልቅ ራዳር በሚወስደው ዳገት ላይ የተጠበሰ ሙዝ እሸጣለሁ፤ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይመጣሉ። የሥራ ሸሚዛቸው ታጥቦ ታጥቦ የራዳሩ ስም ጠፍቶበታል፤ ኮሌታው ግን ዛሬም ተተኩሷል። ከመቀመጣቸው በፊት ቀና ብለው ፀሐይዋ አጠገብ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ።

«ዶን፣ ዓይንዎን ሊያጠፉት ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ቬነስ እዚያ ጋ ነበረች፣ ልጄ። በራዳሩ ቀጭን የሬዲዮ ሞገድ እንልክባታለን፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተለጥጦ ይመለሳል። አንዱ ጠርዟ ወደኛ እየመጣ ሌላው እየሸሸ ነዋ! በምን ፍጥነት እንደምትዞር የለካነው በዚያ ነው። እሷን የመሰለ ቀርፋፋ አላየሁም።»

ከዚያ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ልጃቸው ከኦርላንዶ አምና የላከችው የድምፅ መልእክት ነው፤ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። «አባዬ፣ ለገና እመጣ ይሆናል። ግን እዚህም ቤት ገዝተናል... እንጃ።»

ዛሬ አላስቻለኝም። «ይተዉት እንጂ፣ ዶን! አትመጣም።»

አልተቆጡም። ስልኩን በመሐረብ ጠርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«እየዞረች ነው» አሉኝ። «በጣም ቀስ ብላ ነው እንጂ።»