በታረደ በሬ ላይ የተፈተነው ፋሻ

ጋሼ ደምሴ የበደሉኝ በወጣትነቴ፣ በአንድ መስከረም ነው። ዛሬ ጠዋት የለቅሷቸው ድንኳን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተተክሎ አየሁ። አሁንም አንቱ የምላቸው የአፍ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሰባተኛ ሰፈር አጠገብ የሕክምና ዕቃ ያከፋፍሉ ነበር። ድሬሰርነት ተምሬ ቁስል ማጠብና ማሰር ስለማውቅ እሳቸው ሱቅ ተቀጠርኩ። ያን ክረምት ዱቄት የተነሰነሰበት ፋሻ አስመጡ። ደም እንደ ውሃ የሚወርድበትን ቁስል እንኳ በራሱ ያቆማል ተባለ። አንድ የክሊኒክ ባለቤት ግን ሳላይ አልገዛም አሉ።

ጋሼ ደምሴ መላ አላጡም። ለእንቁጣጣሽ ሰፈሩ የቅርጫ በሬ ገዝቶ እሳቸው ግቢ አስሮ ነበርና፣ በበዓሉ ጠዋት እዚያው እንፈትነው አሉ። በቁሙ ጭኑን መሰንጠቅ ግን ማን ይፈቅዳል? በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ ቢላዋ ያረፈበትን ሥጋ ማንም አይካፈልም። ስለዚህ በሬው በወጉ ታረደ፣ ደሙ ጭቃው ላይ ፈሶ አለቀ፣ ከዚያ ነው ጭኑ የተሰነጠቀው። ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ረጠበና ቆመ። ገዢው ተገርመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ፣ ይሄ በሬ እኮ ደሙን ጨርሷል» አልኩ። «ሻሼንም ባስርበት ያው ነው።»

«ተዋት፣ ልቧ ጉበቱ ላይ ነው» አሉ ለሰዉ።

ሳቁብኝ። እርጥብ ሣርና ትኩስ ሥጋ አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም ያ ሳቅ ይመጣብኛል። ክሊኒኩ ፋሻውን ገዛ።

ብዙም ሳይቆይ ዘበርጋ የሚባል ወጣት ተሸካሚ ቆርቆሮ ሲያወርድ ክንዱን ተቆርጦ ሱቃችን በር ላይ ወደቀ። ጋሼ ደምሴ ፋሻቸውን ሰጡኝ፤ እሰሪና ተዪው፣ ራሱ ያቆመዋል አሉ። አሰርኩት። ወዲያው ራሰ። ሌላ ደረብን፤ እሱም ራሰ። የልጁ ከንፈር ነጣ። ያኔ ፋሻውን ገፍፌ ጣልኩና ነጠላዬን አጥፌ ቁስሉ ላይ በሁለት እጄ ተጫንኩ። ታክሲ ውስጥም አለቀቅኩም። ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሙ በቃሽ እስኪለኝ እንደተጫንኩ ነበርኩ። ተረፈ።

ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ፋሻው ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ናት ማሰር የማታውቀው። ያስወሩት ጋሼ ደምሴ ናቸው። በማግስቱ አሰናበቱኝ። አንዲት ነጋዴ ሥራ ልጠይቃት ብሄድ «አንቺ ነሽ ልጁን ልትገድይው የነበርሽው?» አለችኝ። ከሰባተኛ እስከ አብነት የሚቀጥረኝ ጠፋ። ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ስንት ዘመን ቆይቼ ነው ይህችን የቁስል ማሰሪያ መሸጫ ሱቅ የከፈትኩት።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ዘበርጋ ጋቢውን ደርቦ መጣ። ሸብቷል። ያ ክንዱ አሁንም በደንብ አይዘረጋም።

«እትዬ አልማዝ፣ ይነሱ እንጂ። ለቅሶ እንድረስ።»

«አንተ ሂድ።»

«ሞቱ እኮ። እኔ የቆሰልኩት ይቅር ብያለሁ፣ እርስዎ ምን ነካዎት?»

«አንተን የቆረጠህ ቆርቆሮ ነው» አልኩት።

ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ጎረቤቶቼም ሱቃቸውን እየዘጉ ተከተሉት። እኔ አልዘጋሁም። አንዲት እናት ጎዝ ልትገዛ መጣች። ሸጥኩላትና ቁስል ላይ እንዴት ተጭነው እንደሚይዙት በእጇ አሳየኋት።